ወንድማችንን ከራስ ደጀን በሰላም ላወረዱልን ሁሉ

በዚህ በጥር ወር ራስ ደጀንን ለመውጣት ከጎንደር በተነሣው ቡድን ውስጥ የነበረው ታናሽ ወንድሜ በከፍታ ሕመም ተይዞ ለሕይወቱ በሠጋንበት ሰዓት የደረሳችሁልንን ወገኖች ሁሉ፣ አብሬው የነበርሁ ታላቅ ወንድሙ እንደመሆኔ፣ በመላው ቤተሰባችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናችን ለደባርቁ አስጎብኚያችን ይድረስ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሣ አደራ ስላሉን አልጠራውም፤ የሠሩትን መናገር ግን አልከለከሉንም። ገና ጉዞው ሲታሰብ አንድ አገናኝ በጥቂት ቀን አድርሶ ሊመልሰን በርካሽ ዋጋ ሲያግባባን፣ እርሳቸው ግን ሰውነታችን ከፍታውን እንዲለምድ በመንገዱ ባሉት ማደሪያዎች በሳንቃ በርና በጨነቅ ሳናድር ወደ ላይ እንደማይወስዱን ቁርጡን ነግረውን ነበር። እንዲህም ተጠንቅቀን ሄደን ሕመሙ አልቀረልንም፤ የከፍታ ሕመም ዕድሜና ጉልበት አይመርጥምና። ጎንደር ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች «እኛ ደገኞች ምን እንሆናለን» ማለት ይቀናናል፤ 4,550 ሜትር የሚደርሰው ራስ ደጀን ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ሰው በሚተነፍሰው ቁጥር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል።

ከአምቢቆ መንደር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥተን በውርጩ ውስጥ ዳገቱን ስንወጣ ወንድሜ ራስ ምታቱን ደብቆ ቆይቶ ነበር። ጎሕ ሊቀድ ሲል ጅብራ በበዛበት ተረተር ላይ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። አስጎብኚያችን የሁላችንንም ጉዞ አስቆሙና፣ የእጅ ባትሪያቸውን ጫማው ላይ አብርተው፣ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኘ ቀጥ ብሎ እንዲራመድ አዘዙት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ተንገዳገደ፤ ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ተንገዳገደ። ስሙንና ያለንበትን ቦታ ሲጠይቁት የመለሰው የተምታታ ነበር። እንዲህ ያለው መንገዳገድ አንጎል ማበጥ የጀመረበት ምልክት እንደሆነና መድኃኒቱ ሳይውል ሳያድር መውረድ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ጫፉ ከፊታችን እየታየ ስለነበር ከመካከላችን «ትንሽ ይረፍና እንቀጥል» ያለ አልጠፋም፤ እርሳቸው ግን ክርክሩን አልሰሙም፤ የወንድሜን ቦርሳ ነጥቀው በራሳቸው ጀርባ አዘሉና ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ መለሱ።

ሜዳ ሜዳውን በበቅሎ ወረደ። ገደላማው ላይ ግን በቅሎ መጫኑ አስጊ ስለነበር ስካውታችን (አብረውን የነበሩት የፓርኩ ጠባቂ) ወደ መንደሩ ሮጠው ተጣሩ፤ የአምቢቆ ሰዎችም ከአውድማ ሥራቸው ተነሥተው ከሁለት አጠናና ከጋቢ በተሠራ ቃሬዛ፣ እየተቀባበሉ፣ አንድም ጊዜ ሳያሳርፉት እስከ መንደራቸው አደረሱልን። ከፊት የነበሩት ቁልቁል ሲወርዱ ጭንቅላቱ እንዳይዘቀዝቅ ክንዳቸውን ዘርግተው ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ ያነሡበትን መንገድ ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። በቤታቸው ተቀብለው፣ የራሳቸውን ምድጃ ለቀው፣ የገብስ አጥሚት በጭልፋ እያጠጡ ላስታመሙት እናትም እግዜር ይስጥልን፤ ውለታ መላሽ ያድርገን።

እዚህ ላይ አስጎብኚያችን የወሰኑት ሌላ ነገር ከመጀመሪያው አይተናነስም። ሁላችንም መኪና ተጠርቶ ወዲያው ወደ ደባርቅ እንዲወሰድ ጮኸን ነበር። ነገር ግን ከአምቢቆ ወደ ጨነቅ የሚያስኬደው መንገድ በቧሂት በር፣ ማለትም በተራራው መተላለፊያ፣ በኩል እንደገና ወደ 4,200 ሜትር ገደማ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ሕመምተኛን በመኪናም ቢሆን በዚያ ማሳለፍ ያወረድነውን መልሶ መስቀል እንደሆነ አስረዱን። ስለዚህ ከመንደሩ ዝቅ ብሎ ወደ 2,800 ሜትር በሚገኘው በመሸሃ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው አሳደሩን፤ ስካውታችንም ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ እየወጡ በጎንደር ካለ ሐኪም ጋር ሲያነጋግሩን አመሹ። ሌሊቱን ሁሉ በየሰዓቱ እየቀሰቀሱ ስሙን ጠየቁት። ሲነጋ ራሱ ተነሥቶ ያንኑ የተረከዝና የጣት እርምጃ ሳይንገዳገድ ተራመደ፤ የቧሂትን በር የተሻገርነውም አንድ ቀን ሙሉ ጨምሮ ካረፈና ራስ ምታቱ ፈጽሞ ከለቀቀው በኋላ ነው።

በስልክ ሳይሰለቹ የመሩን ሐኪም፣ ጓዛችንን ጥለው ከሕመምተኛው ጋር የወረዱት የበቅሎ ነጂዎች፣ ጎንደር ስንደርስ በድንገተኛ ክፍል ተቀብለው የመረመሩት ባለሙያዎች፣ ወሬውን ሰምታችሁ ቤታችንን የሞላችሁ ጎረቤቶችና ዘመዶች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ይቀረናል። ገደሉ ላይ ቃሬዛውን ከተቀበሉት መካከል ሁለቱ ወጣቶች ስማቸውን ሳንጠይቅ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ከቃሬዛው ጋቢዎች አንዱም የእነርሱ ነበር። ጋቢው ታጥቦ በአስጎብኚያችን እጅ ደባርቅ ይገኛል፤ ለበቅሎ ነጂዎቹ ብትነግሯቸው ያደርሱላችኋል፤ ለጥምቀት ጎንደር ብትመጡም ቤታችን ቤታችሁ ነው።

የሕመምተኛው ታላቅ ወንድም፣ ከመላው ቤተሰቡ ጋር
ጎንደር