የሱሪህን ጨርቅ ገና አልቆረጥኩትም

ይድረስ ለልጄ ለማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ሽሮና በርበሬ ልካልሃለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስነግርህ "እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም።

እሁድ ስትደውል ራት መብላት አቆምኩ አልከኝ። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እየሮጥክ በሦስት ሳምንት ሦስት ኪሎ እንደቀነስክም ነገርከኝ። ደስ ብሎህ ነበር። እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን እናትህ አጠገቤ ስለነበረች ዝም አልኩ።

ለፋሲካ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በጉን ያዝልኝ ብዬህ፣ ይዘኸው ትንሽ እንደቆየህ ክንድህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸሚዝህን አውልቀህ ስትታጠብ ደግሞ አየሁህ። ክንድህ የተማሪ ክንድ ነው፤ ሆድህ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ሆድ። ገና ሠላሳ ሁለትህ ነው እኮ! ምንም አላልኩም። "ና ሱሪ ልስፋልህ" ብዬ ሜትሬን አነሳሁ።

ወገብህ 91 ሴንቲ ወጣ። ተሳስቼ መስሎኝ ደገምኩት። አሁንም 91። አንተ ከሄድክ በኋላ አሮጌውን ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁት። በ2007 ዓ.ም. ለምርቃትህ ሙሉ ልብስ ስሰፋልህ የጻፍኩት ልክ አለ። ወገብ 78፣ ጭን 57። ዘንድሮ ጭንህ 53 ሆኗል። ኪሎህን ስጠይቅህ "ያው ነው አባዬ፣ 68" ነው ያልከኝ። ያኔም 68 ነበርክ።

እስቲ አስበው። ወገብ 13 ሴንቲ ጨምሮ፣ ጭን 4 ሴንቲ ቀንሶ፣ ኪሎው ንቅንቅ ካላለ አንዱ ወጥቶ ሌላው ገብቷል ማለት ነው። የወጣው ጡንቻ ነው። የገባው ስብ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ይህን ሊነግሩህ አይችሉም። ሚዛን ኪሎ ጥጥንና ኪሎ ሚስማርን እኩል ነው የሚለው።

አርባ ዓመት ሙሉ የወንድ ወገብ ስለካ ኖሬያለሁ። እንዳንተ ያለው ደንበኛ ድሮ አልፎ አልፎ ነበር፤ አሁን ሞልቷል። የቢሮ ሰው ነው፣ ፊቱ ቀጭን፣ ትከሻው ጠባብ፣ ሲቀመጥ ሆዱ ቀበቶው ላይ የሚያርፍ። "የኔ ልክ ድሮም 32 ኢንች ነው" ብሎ ይከራከረኛል። እውነቱን ነው፣ ሱሪውን ከቦርጩ በታች ስለሚታጠቅ ቁጥሩ አልተለወጠም። እኔም ምን ቸገረኝ፣ 32 እሰፋለታለሁ።

በሰው ልሳቅ እንጂ እኔስ ማን ነበርኩ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ የምውል፣ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምጠጣ ሰው። ቁመቴ 1.68፣ ኪሎዬ 61። ያን ሰሞን ሲደክመኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ "እርስዎ እኮ ቀጭን ነዎት፣ ስኳር የወፍራም ሰው ነው" ብለው መለሱኝ። እህትህ ነርስ ባትሆን ይኸው ነበር። እሷ ናት ጎትታ ያስመረመረችኝ። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር 6.3 መጣ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ወደ ስኳር በሽታ የሚወስደው መንገድ ነው አሉኝ። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ደግሞ ጉበቴ ላይ ስብ ተገኘ። ቀጭን ሰው ጉበቱ ሊሰባ እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት።

እህትህ እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ጎተራው ጡንቻ ነው በለው። ጎተራው ሲያንስ እህሉ ሜዳ ይቀራል። ጡንቻውም ካልሠራ በሩን በደንብ አይከፍትም። ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ይልቅ ክፉው ደግሞ ውስጥ ጉበትና አንጀት አካባቢ የሚከማቸው ነው። እሱን ሚዛንም መስታወትም አያሳይህም፤ ወገብ ነው የሚያሳብቀው።

ቢኤምአይህ፣ ማለትም ኪሎን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር፣ 22 ገደማ ነው፣ "ጤናማ" ይልሃል። ግን ይህን ስሌት መጀመሪያ ያወጣው ኬትሌ የሚባል የቤልጂግ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፣ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ.። "አማካይ ሰው" ምን እንደሚመስል ሊያጠና ነበር እንጂ ያንተን ቦርጭ ሊመረምር አልነበረም። እህትህ አንድ ሌላ ነገርም አንብባልኛለች። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የብዙ አገር ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት ነው። በዕድሜና በሰውነት ስብ ከነጮች ጋር እኩል የሆኑ ኢትዮጵያውያን ቢኤምአያቸው በ4.6 ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ጥናት ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም። ግን በነሱ ሰንጠረዥ "ቀጭን ነኝ" ብለህ እንዳትተኛ ይበቃል።

አሁን ወደ ራትህ ልመለስ። ራት እየዘለልክ ሩጫ ብቻ ስትሠራ ኪሎ ትቀንሳለህ፣ አልካድኩም። ግን ክብደት የማይነሳበት ሰውነት ሲራብ ስቡን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ጡንቻውንም አብሮ ይበላል። ካለህ ትንሽ ላይ ነው የሚቀንሰው። 62 ኪሎ ሆነህ ያው ቦርጭህ አብሮህ ይገባል፣ ጭንህ ደግሞ 50። አንተ የሚቀነስ ኪሎ የለህም፤ የሚቀየር ነው ያለህ።

ስለዚህ ኪሎህ ባለበት ይቁም። ክብደት አንሳ።

እኔ የጀመርኩት ከኛ ቤት ጀርባ ካሉት ልጆች ጋር ነው። የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ቧንቧ አገናኝተው "ጂም" ከፍተዋል። "ጋሼ፣ ይግቡ፣ ለእርስዎ ነፃ ነው" አሉኝ እየሳቁ። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ቁጭ ብድግ ሠራሁ። በማግስቱ ሽንት ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ነበር። ለእናትህ እንዳትነግርብኝ፤ እስካሁን ወገቤን ብርድ መቶኝ ይመስላታል።

አንተ ጂም ባትከፍልም ይሆናል። ቤትህ ሃያ ሊትር ጄሪካን አለ አይደል? ውሃ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው። አቅፈኸው ቁጭ ብድግ በል። ከመሬት አንሳው፣ ጀርባህን ሳታጎብጥ። ጎንበስ ብለህ ወደ ሆድህ ሳበው። ፑሽ አፕ ጨምርበት፤ ካቃተህ ጠረጴዛ ተደግፈህ ጀምር። እያንዳንዱን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊከብዱህ ይገባል። ካልከበዱህ ውሃውን እያንቀሳቀስክ ነው፣ ሰውነትህን አይደለም። ሲቀልህ ጨምር። ይቺን "ሲቀልህ ጨምር" የምትለዋን ነው ብዙ ሰው የሚረሳት። ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ፑሽ አፕ ሠርቶ "ስፖርት አልሠራልኝም" ይላል።

ሆድ ለማጥፋት ብለህ ሲት አፕ ላይ ብቻ አትክረም። የሆድ ስፖርት የሆድን ስብ ለብቻው መርጦ አያወጣም።

ሩጫውን ተው አላልኩህም። ልብህ ይፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው የሚለው። ሁለተኛውን ነው የዘለልከው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ተመልሰህ ኮምፒውተር ላይ ከመደፋትህ በፊት አሥር ደቂቃ ተራመድ። ስኳርን ታወርዳለች፣ በራሴ አይቼዋለሁ።

ራትህንም ብላ። ማኪያቶህን ስኳር ቀንስበት፣ አርብ አርብ ድራፍቱን ቀንስ፣ እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ ተኩል አውርድ። ወጡን ግን ጨምር። እንቁላል ብላ። በጾም ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ አለልህ። እህትህ እንደምትለው ጡንቻ መገንባት የሚፈልግ ሰው ለያንዳንዱ ኪሎው በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ ላንተ ከ80 ግራም በላይ መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው የሚይዘው። አሁን የምትበላው ፓስታ በዳቦ እዚያ አያደርስህም።

እኔ ይኸው ሁለት ዓመቴ። ኪሎዬ 62 ነው፣ እንዲያውም አንድ ጨምሬያለሁ። ወገቤ ከ93 ወደ 86 ወርዷል። ስኳሬ 5.8። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች መሆን አለበት ይላሉ፤ እኔ ገና 2 ሴንቲ ይቀረኛል። አንተ ቁመትህ 1.74 ስለሆነ ከ87 በታች መግባት አለብህ።

ካርቶኑ ውስጥ ከበርበሬው ሥር ሜትር ታገኛለህ፣ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ጠዋት ምንም ሳትበላ ለካ። ሱሪ የምትታጠቅበት ላይ አይደለም። የመጨረሻውን የጎን አጥንትህንና የዳሌህን አጥንት ጫፍ በእጅህ ፈልግ፣ መሃላቸው ላይ አድርገው። ትንፋሽህን በቀስታ አውጣ እንጂ ሆድህን አትሳብ። እኔን ማታለል አትችልም፣ ደንበኞቼ ሁሉ ሲስቡ ነው የኖሩት። ጭንህንም ለካልኝ። በየወሩ ሁለቱን ቁጥር ብቻ በስልክ ጻፍልኝ፤ ኪሎህን አልፈልገውም። የደም ምርመራውንም በዚህ ወር አድርግ፤ ስኳሩን፣ የደም ስቡን፣ ጉበቱን።

ግራጫው ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ነው። በ91 መቁረጥ እጄ እምቢ አለኝ። እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ፤ ያኔ የላክልኝን ልክ አይቼ እቆርጠዋለሁ፣ ለጭኑ ሰፋ አድርጌ።

አባትህ