የቢሮ ቡና በተራ ይፈላ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ በ2009 ዓ.ም. ስለተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በዚያ ስለሚሠሩ ሰዎች ኑሮ የምታወጧቸውን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። በደሴና በኮምቦልቻ ሕንፃዎች ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ አምስት ወይም ዐሥር ሠራተኛ ይዘው ስለሚሠሩት ትንንሽ ድርጅቶች የሚጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው። የሂሳብ አገልግሎት የሚሰጠው፣ ማኅተምና ማስታወቂያ የሚያዘጋጀው፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሁሉ ቀኑን የሚያሳልፈው በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከደመወዝ ቀጥሎ ደስታውንና ቅሬታውን የሚወስነው ከጎኑ ከተቀመጠው ባልደረባ ጋር ያለው ውሎ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዚያ ውሎ ውስጥ ለብዙዎች ትንሽ ስለሚመስል፣ ለእኔ ግን ትልቅ ስለሆነ አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም የቢሮ ቡና ነው። ሐሳቤን ላስቀድም፦ ቡናው ይቀጥል፤ የማፍላቱ ድካም ግን ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ለሁሉም በተራ ይድረስ።

የምሠራው በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕንፃ ዲዛይንና የግንባታ ቁጥጥር ቢሮ ውስጥ፣ በሂሳብና በአስተዳደር ሥራ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር፣ ሁለት ዲዛይነሮች፣ ሰርቬየር (የመሬት ቀያሽ)፣ የሳይት ተቆጣጣሪ፣ ጸሐፊ፣ ሾፌር፣ የጽዳት ሠራተኛዋና እኔ ሆነን በጠቅላላው ዘጠኝ ነን። ከሥራችን ብዙው ኮምቦልቻ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይሄዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናትና፣ በጉም ውስጥ ጃኬትና ሻርፕ ለብሰው የወጡት ባልደረቦቻችን ገና ሳይት ሳይደርሱ በሸሚዝ ይቀራሉ፤ ማታ ሲመለሱ ደግሞ ጃኬቱን እዚያው ረስቶ በብርድ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሰው የሚሆን የጋራ ጋቢ በቢሯችን በር ጀርባ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም፤ ሲቆሽሽ ግን አንዱ ሳይነገረው ወስዶ አጥቦ ይመልሰዋል።

የቡናችን ሰዓት ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ነው፤ የተመረጠውም ሳይት የዋሉት የሚመለሱበት ጊዜ ስለሆነ ነው። በአዘቦት ቀን አቦልና ቶና ጠጥተን ወደየሥራችን እንመለሳለን፤ በረካ የሚደርሰን ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን ሠርተን ስንወጣ ነው። ጀበናው የሚጣደው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲሆን መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጥበቃ ከሰል ያቀጣጥሉልናል። እርሳቸው በቅጥር የእኛ ባይሆኑም በቡና ሰዓት የቤቱ አባት ናቸው። የመጀመሪያው ሲኒ ለእርሳቸው ይቀርባል፤ እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ከመንገድ ክፉ እንዲሰውረን፣ ሥራችንን እንዲባርክልን ይመርቁናል፤ ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል። በዚያ ሰዓት የገባ ባለጉዳይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወንበር ይሳብለታል፣ ሲኒ ይቀርብለታል፣ ቆሎ ካለም ይዘገንለታል። ክፍያ ዘግይቶብናል ብሎ ተቆጥቶ የመጣ የአሸዋ አቅራቢ ሁለተኛውን ሲኒ ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ሰነዱን አብረን ስናገላብጥ አይቻለሁ።

እንዲህ ያለውን ልማድ የጊዜ ብክነት አድርገው የሚያዩ የድርጅት ባለቤቶች አሉ፤ ስሌታቸውም የሚናቅ አይደለም። ግማሽ ሰዓት በዘጠኝ ሰው ሲባዛ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ በየቀኑ የአንድ ሠራተኛን የሥራ ቀን ከግማሽ በላይ ለቡና ሰጠን ማለት ነው። እኔም የሂሳብ ሰው ነኝና ቁጥሩን አልክድም፤ ነገር ግን በሌላው መደብ መመዝገብ ያለበትም አለ። አንድ ቀን ሰርቬየራችን ጫማው ላይ የተጋገረውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ቡናውን ሲጠብቅ፣ የአንዱ ሕንፃ ጉድጓድ አንድ ጥግ ላይ ዋልካ እንደወጣ እንደ ዋዛ ተናገረ። ዲዛይነሯ የያዘችውን ሲኒ መልሳ አስቀመጠች። ዋልካ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም መሠረት እያነሳ እየጣለ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል፤ እርሷ ደግሞ መሠረቱን ያሰላችው አፈሩ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት ነው ብላ ነበር። በማግስቱ አብረው ወርደው አዩት፤ ኮንክሪቱ ሳይሞላ ቁፋሮው በዚያ በኩል ጠልቆ ዋልካው ተነሣ። የሳይት ሪፖርት የሚቀርበው በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ ያንን የቡና ወሬ ባይሰሙ ኖሮ ዜናው የሚደርሳቸው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ብዙ ቢሮዎች ውስጥ ይህ ሁሉ በረከት የሚገኘው በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ነው። ቀደም ሲል በሌላ ድርጅት ስሠራ ጸሐፊዋ ከሁላችንም በዕድሜ ታናሽ ነበረች። ሁሉም ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ እርሷ ትነሳለች፤ ሲኒ ታጥባለች፣ ታፈላለች፣ ትቀዳለች፣ ትሰበስባለች፣ እንደገና ታጥባለች። ሰው ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ የእርሷ ደብዳቤዎች እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቃትም እርሷ ያፈላችውን ቡና ገና ጠጥቶ ያልጨረሰው ኃላፊ ነው። የወሊድ ፈቃድ በወጣች ጊዜ ሥራው ያለ አንዳች ውይይት ወደ ቀጣይዋ ታናሽ ሴት ተላለፈ። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ሠራተኛው በውሉ የተመለከተውን ሥራ እንዲሠራ፣ አሠሪውም በውሉ መሠረት ሥራ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቡና ማፍላት የተጻፈበት የጸሐፊ የቅጥር ውል ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም። ለጽዳት ሠራተኛም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ለእኔ መለኪያው ቀላል ነው፦ ያፈላችው ሴት ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ፣ ያለ ጥድፊያ፣ አቦሉን ትጠጣለች ወይስ አትጠጣም? ካልጠጣች ያ ቡና የጋራ አይደለም።

የጀበና ቡና ሴት ስታፈላው ነው የሚያምረው የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። ቤቴ ውስጥ ቡና ማፍላት ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ በወሎ ያደገ ሰው ለዚህ ሙያ ያለውን አክብሮትም ማንም አይነግረኝም። ይሁንና በቢሮ ውስጥ ሙያው የተከበረ ከሆነ ክብሩን ለመካፈል ወንዱም ይነሣ።

በአሁኑ ቢሯችን ተራውን ያቀረብነው ጸሐፊዋና እኔ ነን። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ተቀብለው የራሳቸውን ስም አንደኛ ላይ ሲጽፉ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አለቀ። የመጀመሪያው ቀን ግን ቀላል አልነበረም፤ ስልክ ሲያናግሩ ጀበናው ገነፈለና ምድጃውን አጥለቀለቀው፣ ከውስጡም የተረፈው ግማሽ ብቻ ሆነ። የጽዳት ሠራተኛችን፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት፣ «አብሽሩ ኢንጂነር፣ ይጠጣል» ብለው ሁለት ሲኒ ጠጡላቸው። ሾፌራችን በዚህ ዕድሜዬ ጀበና ይዤ ልታይ ብለው ሲያንገራግሩ ቆይተው ነበር፤ አለቃቸውን በዚያ ሁኔታ ካዩ በኋላ ግን መቃወሙን ተዉት። ዛሬ ከሁላችን ቡና የሚወደደው የእርሳቸው ነው፤ አተላው እስኪረጋ ድረስ የመታገሥ ልምድ ያለው ሰው ሌላ የለንምና።

ተራው ሲጀመር ልብ ያላልነው አንድ ነገር ነበር። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ከቤት ይምጣ ተብሎ ተስማምተን ሳለ፣ የወንዶቹን ቡና የሚቆሉትና የሚፈጩት ሚስቶቻቸው፣ እናቶቻቸውና እኅቶቻቸው መሆናቸውን ቆይተን ሰማን። ድካሙን ከአንዲት ሴት አንስተን፣ ፊታቸውን ወደማናያቸው ሴቶች ልከነው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አሁን በየወሩ ከምናዋጣው ገንዘብ የተቆላና የተፈጨ ቡና ይገዛል፤ ቅዳሜ ብቻ ባለ ተራው ራሱ ኮሪደሩ ላይ ይቆላል። ከገበያ የሚገዛው ጣዕሙ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን ልዩነቱን ችዬ እጠጣለሁ። ሳይት የዋለ ሰው ተራውን ከሌላው ጋር ይቀያየራል፤ ዘወትር በተራው ቀን ሳይት የሚውል ሰው ከታየ ደግሞ ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝና ቀኑን አዛውርበታለሁ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ሲኒ ማጠቢያው ዘንድ የሚወራው ነው። ጸሐፊያችን ኦቶካድ የተባለውን በኮምፒውተር የሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም መማር እንደምትፈልግ ኢንጂነሩ የሰሙት አብረው ሲኒ ሲያጥቡ ነው፤ አሁን ከሥራ ሰዓት በኋላ ከዲዛይነሯ ጋር ትለማመዳለች፣ ቀላል ቀላል ሥዕሎችንም ታስተካክላለች። በጠረጴዛ ማዶ ለማዶ ተቀምጠው ይህን ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ስለ ጾም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የእኛ አገር ቢሮ ያለ እርሱ አይሟላም። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ጀመሩ። ክርስቲያን ባልደረቦቻችን በዐሥር ሰዓት ጾማቸውን ፈትተው ቡናውን መጠጣት ይችሉ ነበር፤ እኛ ሙስሊሞቹም ጠጡ ብለን ደጋግመን ለምነናቸው ነበር። እነርሱ ግን ጀበናውን አጥበው መደርደሪያው ላይ ደፉት፤ ከዒድ በፊትም አልወረደም። በዚያ ወር ስብሰባችን ቅዳሜ ምሽት ወደ አፍጥር ተዛወረ፤ ሥጋው የየቤቱ በመሆኑ ለጋራው ማዕድ ምስር፣ ሽሮና ሳምቡሳ ይቀርብ ነበር፤ ለጿሚው ክርስቲያንም እንዲሁ ተስማማው። የሠራተኞቻቸውን መቀራረብ ለማጠናከር በዓመት አንዴ ወደ ሐይቅ ሽርሽር የሚወስዱ ድርጅቶች አሉ፤ ጥሩ ነው፣ እኔም ብወሰድ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለሽርሽሩ ወጪ የሚያወጣ ባለቤት የየቀኑን ግማሽ ሰዓት ሲከለክል ሳይ ይገርመኛል።

ስለዚህ የትንንሽ ድርጅት ባለቤቶችን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቡናውን አትከልክሉ፤ ሰዓቱን በግልጽ ወስኑት፣ ተራውን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉት፣ የራሳችሁንም ስም ከላይ አድርጉት። ተራ ሲደርሳቸው ቡና ገዝተው ለታናሿ ልጅ የሚያስረክቡ ባልደረቦችም ማጠቡን ጨምረው ራሳቸው ይፈጽሙት። የዝግጅት ክፍላችሁ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ሌሎች ቢሮዎች ይህን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉ ቢጠይቅልንና ቢያስነብበን፣ በተለይም የጸሐፊዎችንና የጽዳት ሠራተኞችን አስተያየት ከራሳቸው አንደበት ቢያቀርብልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሂሳብና አስተዳደር ሠራተኛ፣ ከደሴ