የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ፦ ሜክሲኮን ያጠናንበት ዓመት

ክበባችን ባለፉት ዓመታት በየሳምንቱ አገር እየቀያየረ ብዙ ቦታ የመዳሰስ ልማድ ነበረው። ዘንድሮ ግን አባላቱ በመስከረሙ ጠቅላላ ስብሰባ ተወያይተው አንድ አገር ብቻ ለመምረጥና እስከ ሰኔ ድረስ ያንኑ ለማጥናት ወሰኑ፤ ድምፅ ሲሰጥም ሜክሲኮ ተመረጠች። ለምርጫው ቅርብ ምክንያት የሆነው በአዲስ አበባ የሚገኘው የሜክሲኮ አደባባይ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ በየቀኑ በዚያ ያልፋሉ፣ ታክሲም ይቀይራሉ፤ አደባባዩ ለምን በሩቅ አገር ስም እንደተጠራ ሲጠየቁ ግን የሚመልስ አልተገኘም። እኔ እንደ ክበቡ ተጠሪ መምህር ምርጫውን በደስታ የተቀበልሁት በሌላም ምክንያት ነው። ታሪክንና ጂኦግራፊን በተለያየ ክፍለ ጊዜ ስናስተምር ተማሪው ሁለቱም የሚተርኩት ስለ አንድ መሬት መሆኑን ይዘነጋል፤ ሜክሲኮ ደግሞ ሁለቱን ለያይቶ ማስተማር ፈጽሞ የማይቻልባት አገር ናት። ስለዚህ ለዓመቱ ሥራ አንድ ጥያቄ አስቀመጥን፦ የዚህ አገር ሰው ከመሬቱና ከውሃው ጋር እንዴት ኖረ? (በዘገባው የተጠቀሱት ዓመታትና ከእነርሱ ጋር ያሉት ወራትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት በሙሉ ማለት ይቻላል ያሳለፍነው በሜክሲኮ ሸለቆ ላይ ነው። ሸለቆው ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ በተራሮች የተከበበና የተፈጥሮ የውሃ መውጫ የሌለው ስለነበር ከየተራራው የሚወርደው ዝናብ በመካከሉ ተጠራቅሞ አምስት ተያያዥ ሐይቆችን ፈጥሮ ነበር። እንደ ሻላ ሐይቃችን መውጫ የሌለው ውሃ እየተነነ ጨው እንደሚያጠራቅም ተማሪዎቹ ከክፍል ትምህርታቸው ስለሚያውቁ፣ ትልቁ የቴስኮኮ ሐይቅ ጨዋማ የሆነበትን ምክንያት ራሳቸው ደረሱበት። በደቡብ ያሉት የሶቺሚልኮና የቻልኮ ሐይቆች ግን ከምንጭ የሚመገቡ ስለነበሩ ውሃቸው ጣፋጭ ነበር።

የሜሺካ ሕዝብ፣ በተለምዶ አዝቴክ የምንላቸው፣ ከተማቸውን ቴኖችቲትላንን በ1325 የቆረቆሩት በቴስኮኮ ሐይቅ ውስጥ በሚገኝ ረግረጋማ ደሴት ላይ ነው። በትውፊታቸው መሠረት አምላካቸው ቁልቋል ላይ ያረፈ ንስር በሚያዩበት ስፍራ እንዲሰፍሩ አዝዟቸው ነበር፤ ዛሬ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ መካከል የምናየውም ይኸው ምልክት ነው። ከትግራይ የመጣ አንድ አባላችን ሥዕሉን ሲያይ በለስ ነው ብሎ ለየው፤ እውነትም በአገራችን በለስ የሚባለው ተክል ዘሩ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ደሴቲቱ ጠባብ ስለነበረች ሰዎቹ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እንጨት ተክለው፣ ጭቃና የበሰበሰ ሣር እየደራረቡ ቺናምፓ የተባሉ ረዣዥም መደቦችን ሠሩ። መደቦቹን በየመካከላቸው የሚያልፉት ቦዮች ከሥር ያርሷቸዋል፤ ከቦዩ የሚዛቀው ደለል ደግሞ አፈሩን በየጊዜው ያድሰዋል፤ በዚህም የተነሣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ማምረት ይቻል ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቴስኮኮው ንጉሥ ኔሳዋልኮዮትል ያሠራው ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ግድብ ጨዋማውን ውሃ ከጣፋጩ ለየ። የክበቡ አባላት የሸለቆውን ሞዴል ከሸክላ አፈርና ከወረቀት ሲሠሩ ብዙ ጊዜ የወሰደባቸው ይህ ግድብ ነበር፤ የግድቡን አስፈላጊነት ለማስረዳት ከተጻፈ ገጽ ይልቅ ቀለም የተቀላቀለ ውሃ በሁለቱ ወገን አፍስሶ ማየቱ የበለጠ እንደረዳቸው አረጋግጫለሁ።

የስፔን ወራሪ ጦር መሪ ኤርናን ኮርቴስ ኅዳር 1519 ወደ ከተማይቱ ገባ፤ ከተማይቱም ከረጅም ከበባ በኋላ ነሐሴ 13 ቀን 1521 ወደቀች። ስለዚህ ጉዳይ ያካሄድነው ክርክር የዓመቱ ምርጥ ክርክር ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥቂት መቶ ስፓኒያውያን በጠመንጃና በፈረስ ብቻ ታላቅ መንግሥት ገለበጡ የሚለው የተለመደ አተራረክ ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው፣ ከኮርቴስ ጎን ሆነው የተዋጉት የትላስካላና የሌሎች ከተሞች ሰዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የተሰለፉትም የግብር ጫናና የቆየ ጠላትነት ስለነበረባቸው ነው። ሁለተኛው፣ በ1520 ከተማይቱን የመታው ፈንጣጣ ነው፤ ሕዝቡ በሽታውን ቀድሞ ስለማያውቀው አልቋቋመውም፤ ከሞቱትም መካከል ሞክቴዙማን የተካው ንጉሥ ኩይትላዋክ ነበር። የበሽታው ነገር የታሪክ መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልፉት የማይገባ ጉዳይ መሆኑን የ11ኛ ክፍል አባላት በክርክሩ አጥብቀው ተናግረዋል፤ እኔም በሐሳባቸው እስማማለሁ።

ድል አድራጊዎቹ በፈረሰችው ከተማ ላይ ሜክሲኮ ሲቲን ሠሩ፤ ግድቦቹ ተበላሹ፣ ተራሮቹም ደናቸውን አጡ። በ1629 የመጣው ጎርፍ ከተማይቱን አምስት ዓመት ያህል ውሃ ውስጥ አቆያት። ከዚያ ወዲህ የነበረው መላ ሁሉ ሐይቁን ማድረቅ ነበር፤ ተራራ ተበስቶ ዋሻ ተቆፈረ፣ በ1900 ታላቁ የፍሳሽ ቦይ ተመረቀ፣ በ2019 ደግሞ 62 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የከርሰ ምድር ቦይ ሥራ ጀመረ። ሐይቁ ሲደርቅ ከተማይቱ ውሃዋን ከከርሰ ምድር መሳብ ጀመረች፤ ውሃው ሲሳብ ሸክላው እየተጨመቀ መሬቱ ሰመጠ። የመሀል ከተማው ክፍል ባለፈው ምዕተ ዓመት ከ8 ሜትር በላይ ወርዷል። በ1910 የቆመው የነፃነት ሐውልት ጠንካራ መሠረት ስላለው ባለበት ጸንቶ ሲቀር፣ በዙሪያው ያለው ጎዳና ስለሰመጠ ወደ ሐውልቱ ለመውጣት 14 ተጨማሪ ደረጃዎች መሥራት ግድ ሆነ። ዛሬ ከተማይቱ ከምትጠቀምበት ውሃ ከፊሉ ከሩቅ ወንዞች ተስቦ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ተገፍቶ ይመጣል፤ በዝናብ ወቅት ደግሞ ያው ከተማ ይጥለቀለቃል። ውሃን እንደ ጠላት ያባረረ ከተማ ውሃ ሲጠማው ማየት ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል ነበር።

በቤተ ሙከራው ያካሄድነው ሥራም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ሣጥን በጠጠር፣ ሌላው በእርጥብ ሸክላ ተሞልቶ፣ ቁመታቸው የተለያየ የካርቶን ሕንፃዎች ቆመውባቸው እኩል ተነቀነቁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ስለነበር ተማሪዎቹ ጉዳዩን የተከታተሉት በልዩ ትኩረት ነው። መስከረም 19 ቀን 1985 ሜክሲኮን የመታው፣ በመለኪያው 8 የደረሰው ርዕደ መሬት መነሻው ከመዲናይቱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓሲፊክ ዳርቻ ሳለ፣ ከባዱ ጉዳት የደረሰው ግን በቀድሞው የሐይቅ ወለል ላይ ባለው የከተማው ክፍል ነው። ለስላሳው ሸክላ ንዝረቱን አጉልቶ፣ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸውን ሕንፃዎች ከሌሎቹ ይበልጥ አወዛወዘ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በየዓመቱ በዚያው ቀን የመከላከል ልምምድ ታደርጋለች፤ በ2017 ልምምዱ ከተጠናቀቀ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌላ ከባድ ርዕደ መሬት ደርሷል። በክበቡ ጥያቄ መሠረት የትምህርት ቤታችን አስተዳደር በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ተመሳሳይ ልምምድ እንዲካሄድ መፍቀዱን በምስጋና እገልጻለሁ።

የምግቡ ጥናት በብዛት የተሠራው በ9ኛ ክፍል አባላት ነው። በቆሎ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ሜክሲኮ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፣ ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር ተመርጦ የለማ እህል ነው፤ ሣሩ በአንድ ራስ ላይ የነበሩት ድንጋይ የመሰሉ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ዛሬ የምናውቀውን የበቆሎ ራስ ያገኘነው ገበሬዎች በትውልድ ቅብብሎሽ ዘር እየመረጡ በመዝራታቸው ነው። በምርት መጠን በኢትዮጵያ አንደኛ የሆነው እህል ይኸው መሆኑን፣ ለወጣችን የምንደቁሰው በርበሬና ቲማቲምም ከዚያው የዓለም ክፍል የመጡ መሆናቸውን በሚኒ ሚዲያ ባቀረብን ጊዜ የብዙ ተማሪዎችን ቀልብ ስቧል። እኔ ይበልጥ ያደነቅሁት ግን የአዘገጃጀቱን ብልሃት ነው። የሜክሲኮ ሴቶች በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ይህም ልጣጩን ከማስለቀቁ በላይ በእህሉ ውስጥ ተቆልፎ ያለው ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ለሰውነት እንዲለቀቅ ያደርጋል። በቆሎው ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ሲሄድ ይህ ዕውቀት አብሮት ስላልሄደ፣ በቆሎ ብቻ የሚበሉ የሰሜን ስፔንና የሰሜን ጣልያን ድሆች ፔላግራ በሚባል የቆዳና የአእምሮ በሽታ ለረጅም ዘመን ተሠቃዩ። አባላቱ በአመድ ውሃ የተዘፈዘፈውን በቆሎ ልጣጩ በእጅ ሲላቀቅ በማየታቸው ትምህርቱ በሚገባ ገብቷቸዋል።

ሦስት መቶ ዓመት የቆየውን የስፔን አገዛዝ፣ የብሩን ማዕድንና በ1810 ተጀምሮ በ1821 የተቋጨውን የነፃነት ትግል በአጭሩ ነው ያለፍነው። የአፍሪካ ዘር የነበረው ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ በ1829 ባርነትን ማስቀረቱን ግን ልዩ ትኩረት ሰጥተነዋል፤ በፓሲፊክ ዳርቻ በጌሬሮና በዋሃካ ክፍላተ አገር የሚኖሩት የአፍሪካ ተወላጅ ሜክሲኳውያን በሕገ መንግሥቱ ዕውቅና ያገኙት በ2019 ሲሆን፣ በ2020ው ቆጠራ ራሳቸውን በዚህ ማንነት የገለጹት 2.5 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በ1848 ሜክሲኮ ተሸንፋ ከግዛቷ ግማሽ የሚያህለውን ለአሜሪካ ለቀቀች፤ በ1862 ፈረንሳይ ወረረቻት፤ በፈረንሳይ ድጋፍ የነገሠው ማክሲሚሊያንም በ1867 ተረሸነ። ይህ ሰው የኛ አያቶች ይገበያዩበት በነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ ምስላቸው የታተመው ንግሥት ዘር መሆኑን ስነግራቸው አባላቱ ወዲያው የዘር ሐረጉን ሠርተው በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጥፈውታል። ማክሲሚሊያንን ያሸነፈው መሪ ቤኒቶ ሁዋሬስ ደግሞ ከዋሃካ ተራሮች የወጣ የሳፖቴክ ገበሬ ልጅ ነበር።

በፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ ዘመን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ነገር ግን የመንደሮች የጋራ መሬትና ውሃ በታላላቅ ባለርስቶች እጅ ገባ። በሞሬሎስ ክፍለ አገር የስኳር እርሻዎች የመንደሮችን ማሳ ሲውጡ የአኔኔኩይልኮ መንደር ሰዎች የርስት ሰነዳቸውን ለኤሚሊያኖ ሳፓታ አስረከቡት፤ እርሱም በ1911 ባወጣው የአያላ ዕቅድ የተቀማው መሬት ለመንደሮች እንዲመለስ ጠየቀ፣ በ1919 በተንኮል እስኪገደል ድረስም ከዚህ ጥያቄ ፈቀቅ አላለም። ወላጆቻቸው «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር የሚያስታውሱ ተማሪዎች ይህን ክፍል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። የ1917ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 መሬትንና የከርሰ ምድር ሀብትን የሕዝብ አደረገ፤ በተግባር የተረጎሙት ግን ከ1934 እስከ 1940 የመሩት ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ናቸው። ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ኤሂዶ ለተባሉት የገበሬ ማኅበራት አከፋፈሉ፤ መጋቢት 18 ቀን 1938 ደግሞ የውጭ ኩባንያዎችን የነዳጅ ሀብት ወረሱ።

የአደባባያችን ነገር የተፈታውም በእኚሁ ሰው ዘመን ነው። ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ወረራውን እንደ ሕጋዊ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ የካርዴናስ ሜክሲኮ ነበረች፤ በመንግሥታቱ ማኅበር የነበሩት መልእክተኛዋ ኢሲድሮ ፋቤላም በተደጋጋሚ ድምፃቸውን አሰምተዋል። ግማሽ ግዛቷን በጦርነት ያጣች፣ በባዕድ ጦር ንጉሥ የተጫነባት አገር በጉልበት የተያዘ መሬት ሕጋዊ ሊሆን አይችልም ማለቷ ከገዛ ታሪኳ የመነጨ አቋም ነው፤ ይህን ግንኙነት ያገኙት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔም ትክክል እንደሆነ አምናለሁ። አደባባያችን በስሟ የተጠራውም ለዚህ አቋሟ ምስጋና ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አለ፤ በ1980 በዚያ የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በስማችን ይጠራል፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው።

ማሞ ወልዴ በ1968ቱ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ ያገኘው በዚያችው ከተማ ነው፤ ለሌሎች ሯጮች ያስቸገረው ከፍታ ለእርሱ እንደ አዲስ አበባ ነበር። ውድድሩ ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው በትላቴሎልኮ አደባባይ የመንግሥት ወታደሮች በተማሪዎች ላይ መተኮሳቸውን ግን የ12ኛ ክፍል አባላት ከድሉ ጋር አያይዘው ሊያቀርቡ ፈለጉ፤ በወላጆች ቀን ያቀረቡትም ሁለቱን አንድ ላይ ነው።

የሸለቆው ሞዴል በቤተ መጻሕፍቱ የማጣቀሻ ክፍል ስለተቀመጠ በዕረፍት ሰዓት ማየት ይቻላል። አገሪቱ ዕውቅና የሰጠቻቸውን 68 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች የሚያሳየው ካርታ ግን ገና በመሠራት ላይ ነው፤ ሥራውን የ10ኛ ክፍል አባላት በመስከረም ይቀጥላሉ። በቀጣዩ ዓመት የሚጠናው አገር ቦሊቪያ እንዲሆን ተወስኗል፤ ለመመዝገብ የሚፈልጉ ተማሪዎች በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ስማቸውን ለክበቡ ጸሐፊ መስጠት ይችላሉ።