ዋስትናው ላላለቀ የስፖርት መኪና ጎማ ስትመርጡ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ቅጠሉ ረግፎ የጠዋቱ ብርድ መሰማት ጀምሯል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ጎማ ለመቀየር የሚመጣው ሰው ይበዛል። ዘንድሮ ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እየቀረበልን ነው፦ «መኪናዬ ገና በፋብሪካው ዋስትና ላይ ነው፤ ሌላ ጎማ ባስገጥም ጋራንቲዬ ይበላሻል ወይ?» ጠያቂዎቹ ፖርሽ፣ ኮርቬት፣ ሙስታንግና የመሳሰሉትን የስፖርት መኪናዎች የያዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው በሥራ መካከል በጥድፊያ ከምንመልስ በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ልከንላችኋል።

ለመጻፍ ያስገደደን ግን ባለፈው ወር የገጠመን ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት የምናውቃቸው አንድ ደንበኛችን አዲሱን የስፖርት መኪናቸውን ከገዙ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። እኒህ ሰው ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው፣ ልጆቻቸውን ኮሌጅ አስተምረው ከጨረሱ በኋላ ነው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የተመኙትን መኪና የገዙት። የኋላ ጎማዎቹ ሲያልቁ ወደ አንድ የአገልግሎት ክፍል ደውለው ዋጋ ጠየቁ። ስልኩን ያነሳው ሰው ከዚያው ካልገዙ ዋስትናቸው እንደሚሰረዝ ነገራቸው። የተጠራው ዋጋ ከበዳቸው፣ ሌላ ቦታ መሄዱም አስፈራቸው። በዚህ መካከል ሦስት ሳምንት ሙሉ በዝናብ ባለቀ ጎማ ሲነዱ ቆዩ። ወደ እኛ ሲመጡ መኪናውን አንስተን አየነው፤ የአንደኛው ጎማ የውስጥ ጠርዝ ተበልቶ ሽቦው ወጥቷል። ከውጭ ሲታይ ገና ጥርስ ያለው ይመስል ነበር። በስልክ የተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ነበር፤ ዛሬም ስናስበው ያንገበግበናል።

የተነገራቸው ነገር ትክክል አልነበረም። እዚህ አገር በ1975 የወጣ የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ይህ ሕግ አንድ አምራች «የእኔን ዕቃ ካልገዛችሁ ወይም እኔ ዘንድ ካላሠራችሁ ዋስትና የላችሁም» እንዳይል ይከለክለዋል። እንዲህ ማለት የሚችለው ዕቃውን በነፃ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወይም ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማ ከእኛም ግዙ ከሌላ ቤት፣ የገዛችሁበት ቦታ ብቻውን የሞተሩን፣ የካምቢዮውን ወይም የመሪውን ዋስትና አያሳጣችሁም። እንዲያውም ጎማው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ዋስትና ውስጥ የለም። የራሱ ዋስትና አለው፤ የሚሰጠውም የጎማው አምራች ነው። መኪናውን ስትረከቡ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር የተሰጣችሁን ትንሽ ቡክሌት ብታዩት ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ደስ ብሎን እንድናልፍ አንፈልግም፤ ሕጉ የሚጠብቃችሁ እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። የገጠማችሁት ጎማ ወይም የተገጠመበት መንገድ ጉዳት ማድረሱን አምራቹ ማሳየት ከቻለ፣ ለዚያ ጉዳት ጥገና ላይከፍል ይችላል። ሙሉ ዋስትናው ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ የዚያ ዕቃ ጥገና ግን ከኪሳችሁ ይወጣል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «የማን ጎማ ነው?» ሳይሆን «ጎማው ለመኪናው ልክ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ልክ ያልሆነ ጎማ ያስገጠመ ሰው ሕጉን ይዞ ቢከራከር ብዙ አይጠቅመውም።

ልኩን የምታገኙት በሾፌሩ በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀትና ከመመሪያው መጽሐፍ ነው። ለምሳሌ የአሁኑ ትውልድ ፖርሽ 911 ካሬራ ኤስ ከፊት 245/35 ዜድአር 20፣ ከኋላ 305/30 ዜድአር 21 ጎማ ነው የሚያደርገው። የፊትና የኋላው ስለሚለያይ እንደ ቤተሰብ መኪና እያቀያየሩ እኩል እንዲያልቁ ማድረግ አይቻልም፤ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ፣ በኢንች ነው። መካከል ላይ ያለው ዜድአር ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ ጎማ ምልክት ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደል ነው። 91 ዋይ የሚል ጎማ እያንዳንዱ 615 ኪሎ መሸከም እንደሚችልና በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት እንደተፈተነ ይናገራል። ዋዩ በቅንፍ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከ300 በላይ ማለት ነው። ቪ የሚለው እስከ 240፣ ኤች የሚለው እስከ 210 ነው።

«እኔ በሀይዌይ ከ70 ማይል በላይ አልነዳም፤ ኤች ምን ይጎድለኛል?» የሚሉን ደንበኞች አሉ። ሐሳቡ ይገባናል፤ ልዩነቱ በብር ሲታይ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ፊደሉ ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም የሚናገረው። ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚችል፣ ጎኑ በመታጠፊያ ላይ ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ ፍሬን ሲያዝ ቅርጹን እንዴት እንደሚጠብቅም ይነካል። የመኪናው መሪ፣ ሞላና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ የተሠሩት ያንን ጥንካሬ ታሳቢ አድርገው ነው። ከተጻፈው ሸክምና ፍጥነት ዝቅ ያለ ጎማ ለስፖርት መኪና እኛ አንገጥምም። ደንበኛ ቢያስቀይምም ይህን አቋማችንን አንቀይርም።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሳበት ምልክት እንምጣ። አንዳንድ አምራቾች ለራሳቸው መኪና ፈትነው ባጸደቁት ጎማ ጎን ላይ ምልክት ያስደርጋሉ። ፖርሽ ኤን0፣ ኤን1፣ ኤን2 እያለ ይቀጥላል፤ ቢኤምደብሊው ኮከብ አለው፤ መርሴዲስ ኤምኦ፣ አውዲ ኤኦ ያሰፍራል። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ለኮርቬትና ለሌሎች መኪናዎቹ ቲፒሲ የሚል ቁጥር ያስጽፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ስሙና መጠኑ አንድ የሆነ ጎማ ምልክት ያለውና የሌለው ሆኖ ሲሸጥ ውስጡ አንድ ላይሆን መቻሉ ነው። የላስቲኩ ቅልቅል ወይም የውስጥ አሠራሩ ለዚያ መኪና ተብሎ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። የፖርሽ ቁጥሮችም የጥራት ደረጃ አይደሉም፤ ኤን0 የመጀመሪያው የጸደቀ ሥሪት ነው፣ ኤን1 ከዚያ በኋላ የተሻሻለው ነው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በአንድ አክስል ላይ በግራ ኤን0 በቀኝ ኤን1 ማድረግ አይገባም።

ምልክት የሌለው ጎማ ዋስትናችሁን በራሱ አያሳጣችሁም፤ ከላይ የጻፍነው ሕግ እዚህም ይሠራል። እንደዚያም ሆኖ ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ ምልክት ያለውን እንድትገዙ እንመክራለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ መኪናው የተስተካከለው በዚያ ጎማ ነው፤ በተለይ የፊትና የኋላው መጠን በሚለያይ መኪና ላይ ልዩነቱ መሪው ላይ ይሰማል። ሁለተኛ፣ የሆነ ቀን ስለ መሪ ድምፅ ወይም ስለ ንዝረት አቤቱታ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ መልሱ «ጎማው ነው» እንዳይሆን መንገዱን ይዘጋል። ያንን ጎማ ከየት እንደምትገዙት ግን ማንም ሊወስንላችሁ አይችልም። ምልክት ያለው ጎማ በእኛም ሆነ በሌላ ጎማ ቤት ይገኛል። እኛ ጎማ ሻጮች ስለሆንን ውዱን ስንመክር ጥቅማችን እንዳለበት እናውቃለን። ስለዚህ ወደ ቤታችን ስትመጡ የሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን በጽሑፍ እንሰጣችኋለን፤ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

አራቱም እግር የሚጎትትበት መኪና ያላችሁ ደግሞ ይህን ክፍል እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንዲት ደንበኛችን የአንድ ጎማ ጎን በድንጋይ ተቀዶባት፣ ሌሎቹ ጎማዎቿ ግማሽ በግማሽ አልቀው ሳለ ሌላ ቦታ አንዱን ብቻ በአዲስ አስተካችው። የሚያስከፋ ነገር አላደረገችም፤ ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ነገር ግን አስቡት፦ አዲስ ጎማ ወደ 10/32ኛ ኢንች የሚጠጋ ጥርስ አለው፤ ያረጀው ደግሞ 4/32ኛ ከሆነ፣ አንዱ ዙር ከሌላው በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል። ትንሹ ጎማ በእያንዳንዱ ማይል 10 ዙር ያህል አብልጦ ይሽከረከራል። ኮምፒውተሩ ይህን እንደ መንሸራተት ሊያነበው ይችላል፤ ዲፈረንሻሉና ኃይሉን ወደ ሁለቱ አክስሎች የሚያከፋፍለው ክላች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፣ ይሞቃሉ፣ ያልቃሉ። አምራቹ «ጉዳቱን ያደረሰው ጎማው ነው» ብሎ ማሳየት የሚችለው በትክክል እዚህ ጋ ነው፤ ጥገናው ደግሞ ከአራት ጎማ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። በእኛ በኩል በስፖርት መኪና ላይ ከሁለት በታች አንቀይርም፤ አራት እግር በሚጎትተው ላይ ደግሞ የሌሎቹን ጥርስ ለክተን፣ የመኪናው መመሪያ የሚፈቅደውን ልዩነት አይተን ነው የምንወስነው። አንዳንዴ መልሱ አራቱንም መቀየር ይሆናል፤ ዱብ ዕዳ መሆኑን እናውቃለን።

ስለ ብርዱም ትንሽ እንበል። ብዙ የስፖርት መኪናዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በበጋ ጎማ ነው። ይህ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን እየደረቀ መንገድ መያዝ ያቅተዋል፤ ከዜሮ በታች ከነዳችሁት ደግሞ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በብርድ ተነድቶ የተሰነጠቀ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ በጎማው አምራች ዋስትና አይተካም። የቨርጂኒያ ጥር ስንት እንደሚወርድ ታውቁታላችሁ። በክረምት የምትነዱት ከሆነ በሌላ ቸርኬ ላይ የክረምት ጎማ መያዝ ወይም ለመኪናችሁ የጸደቀ የአራት ወቅት ጎማ መምረጥ ይቻላል።

ኮርቬት ላላችሁ ሌላ ማስታወሻ አለን። ከ2020 ጀምሮ የመጣው ትውልድ ትርፍ ጎማ የለውም፤ ነፋሱ ቢወጣም የተወሰነ ርቀት በሚያስኬድ ጎማ ነው የሚመጣው። በተራ ጎማ መተካት ትችላላችሁ፣ ይለሰልሳልም። ነገር ግን ሌሊት በ95 መንገድ ላይ ነፋሱ ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ መጎተቻ መኪና ከመጥራት ሌላ አማራጭ አይኖራችሁም። ይህን አውቃችሁ ወስኑ።

በመጨረሻ ወረቀት። ጎማ ስንገጥም በደረሰኙ ላይ ቀኑን፣ የተነዳውን ማይል፣ ሙሉውን መጠን ከሸክምና ከፍጥነት ምልክቱ ጋር፣ ቡሎኖቹ የታሰሩበትን ልክና በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እንጽፋለን። የዶት ቁጥር የመጨረሻ አራት አኀዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3624 ማለት በ2024 36ኛው ሳምንት ነው። ከየትም ስትገዙ ይህን ቁጥር ራሳችሁ አይታችሁ አረጋግጡ፤ በመጋዘን ለዓመታት የቆየ ጎማ በአዲስ ዋጋ አትውሰዱ። ጎማውን በስማችሁ የምታስመዘግቡበትን ቅጽም ጠይቁ፤ ጎማው ጉድለት ተገኝቶበት ይመለስ የሚል ጥሪ ቢወጣ የሚያገኟችሁ በዚያ ነው። እነዚህን ወረቀቶች ዋስትናው እስኪያልቅ አስቀምጧቸው። ማንም ሰው ዋስትናችሁ ይሰረዛል ቢላችሁ በትሕትና «በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉት። መኪናውን በሊዝ የያዛችሁ ከሆነ ግን የሊዝ ውላችሁን ለብቻ አንብቡት፤ ሲመለስ ምን ዓይነት ጎማ ይዞ መመለስ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው እንጂ ዋስትናው አይደለም።

ከምስጋና ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ሁሉ ጥርስ ለመለካትና የውስጥ ጠርዙን አንስተን ለማየት አናስከፍልም። በቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ የሚያስጥለው ጥርሱ ከ2/32ኛ ኢንች፣ ማለትም ከ1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በታች ሲሆን ነው፤ ለስፖርት መኪና በዝናብ ይህ በጣም ዘግይቷል፣ 4/32ኛ ሲደርስ ብትመጡ እንመርጣለን። ስትመጡ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍና የጎማውን የዋስትና ቡክሌት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ለታክሲ ነጂው ደንበኛችን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ምልክት ባለው ተክተናል፤ ዋስትናቸውም እንዳለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጎማ ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ