የፊዚክስ ክበብ፦ በ9 ጆሮ መሬት ስናዳምጥ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንዱ ተማሪ ሜዳው ጫፍ ላይ መሬቱን በመዶሻ ይመታል፤ እኛ ማዶ ሆነን ምቱን ከጫጫታው እንለያለን። አንድ የንዝረት ሴንሰር ቀበርን። የኳስ ልምምዱም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ዛፍም ተመዘገበ። መዶሻው ግን የለም።

መላው ሴንሰሮችን ማብዛት ነው፤ ዘዴውም የቆየ ነው። የኑክሌር ሙከራን ከሩቅ ለመለየት ሲባል እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ላሳ የተባለ የሴንሰር ድርድር ተተከለ። 525 ሴይስሞሜትሮች (የመሬት ንዝረት መለኪያዎች) 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ላይ ተበትነው ነበር። ሞገድ ሁሉም ጋ እኩል አይደርስም። በየሴንሰሩ የዘገየውን ያህል ወደ ኋላ ስበን ስንደምር ምቱ በምቱ ላይ ይደራረባል። ጫጫታው ግን አንዱ ጋ ሲወጣ ሌላው ጋ ስለሚወርድ ይጠፋፋል። ምቱ ከጫጫታው ጎልቶ የሚወጣው በሴንሰሮቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ነው፦ በ9 ሴንሰር 3 እጥፍ፣ በ25 ደግሞ 5 እጥፍ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የባከነው በእኔ ጥፋት ነው። ወጪ ልቆጥብ ብዬ በሴንሰር ፋንታ 9 ስልኮች አስደረደርኩ። ሞገድ በላይኛው አፈር ውስጥ በሰከንድ 200 ሜትር ቢጓዝ፣ 40 ሜትር ለማቋረጥ 0.2 ሰከንድ ይበቃዋል። የስልኮቹ ሰዓት ደግሞ ከዚያ በላይ ይለያያል። ደምረን ስናየው ከአንዱ ስልክ የባሰ ሆኖ አረፈው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ጫጫታ እያመረትን ነው» አለችኝ። ምን ልበላት?

በሁለተኛው መንፈቅ 9ኙንም ሴንሰሮች በሽቦ ከአንድ መቅጃ ጋር አገናኘን። አንድ ሰዓት፣ አንድ መዝገብ። መዶሻው ብቅ አለ! ግን 3 እጥፍ ጠብቀን ያገኘነው ከ2 ብዙም አልዘለለም። ጉዱ የፓምፑ ነበር። ሴንሰሮቹ ተጠጋግተው ስለተቀበሩ ንዝረቱን ሁሉም አንድ ላይ ይሰሙታል፤ የጋራ ጫጫታን ደግሞ መደመር አያጠፋውም። አራርቀን ስንተክል ተሻለ። አብዝተን ስናራርቅ የምቱ ቅርጽ ከቦታ ቦታ ተለያየና መደራረቡ ቀረ። ልኩን ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን።

በመስመር የተደረደረ ሴንሰር ምቱ ከመስመሩ ግራ ጎን ይምጣ ከቀኝ ጎን አይለይም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት በክብ እንተክላለን። ኖርዌይ ውስጥ ኖረስ የተባለው የሴንሰር ድርድር የተሠራው እንደዚያ ነበር፤ 25 ጣቢያዎች እስከ 3 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው ክቦች ላይ። የእኛዎቹ ላብራቶሪው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። አንዱን ስናወጣ በአካፋ ስለሰበርነው 8 ቀርተዋል።