ሚኪ ሲያወራ ውስጡ ማነው?

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔም ልጄም እናቴም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ መክረሜን ሳስብ ፊቴን በነጠላ መሸፈን ያምረኛል። የአባትሽን፣ የአባባን ማረፍ የሰማሁ ዕለት መደወል ነበረብኝ። ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፋኝ። ዛሬ ነገ ስል ሰልስቱም አርባውም አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ የካርቱኑ አይጥ ሚኪ ማውስ ነው። ቅዳሜ ልጄ ቴሌቪዥን እያየች ዞር አለችና "እማዬ፣ ሚኪ ሲያወራ ውስጡ ማነው?" አለችኝ። ወዲያው አንቺ መጣሽብኝ፦ ሰባተኛ ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ ተሸጉጠሽ፣ ጉሮሮሽን በሁለት ጣትሽ ቆንጠጥ አድርገሽ በዚያ ሰላላ ድምፅ ስማችንን ስትጠሪ፤ አለቃችን የረባሾችን ስም መመዝገቡን ትቶ በሳቅ ሲፈርስ።

ለልጄ መልስ ልፈልግ ብዬ ማንበብ ጀመርኩና ሳላቋርጥ አመሸሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልንገርሽ። ሚኪ በ1928 ሲመጣ ድምፁ የፊልም ስቱዲዮው ባለቤት የዋልት ዲዝኒ የራሱ ነበር። ሚኪ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ዋልት ሥራ በዛበት፣ ሲጋራውም ድምፁን አሻከረው፤ በ1947 ለጂሚ ማክዶናልድ አስረከበው። ማክዶናልድ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ የነፋሱንም የነጎድጓዱንም ድምፅ በየዕቃው የሚፈጥር ባለሙያ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ሦስተኛው ነው፣ ዌይን አልዋይን። የተወለደው በዚያው በ1947 ነው። በ1966 ዲዝኒ ቤት ሲገባ ሥራው ፖስታ ማደል ነበር፤ ቆይቶ ከማክዶናልድ ሥር ሆኖ የድምፅ ሥራ ተማረ። ሽማግሌው ሊለቅ ሲል ለሚኪ ድምፅ ሊፈተን የተጠራ ሰው ቀረ፤ በል አንተ ሞክር አሉት። ከ1977 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሚኪ እሱ ሆነ። ማክዶናልድ አለቃውን ተክተህ የቆምክ መሆንህን እንዳትረሳ ብሎ መክሮታል።

በ1986 ረሲ ቴይለር የሚኪ ፍቅረኛ የሆነችው የሚኒ ድምፅ ሆና ተመረጠች። ልጅ ሳለች ዲዝኒላንድ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ዋልት ዲዝኒን አግኝታ ሳድግ ካንተ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ ብላው ነበር አሉ። እሷና አልዋይን በ1991 ተጋቡ። ለልጄ ሚኪና ሚኒ እውነትም ባልና ሚስት ነበሩ ብዬ ስነግራት ሶፋው ላይ ቆማ አጨበጨበች።

ቀጥሎ ያለውን ግን አልነገርኳትም። አልዋይን በስኳር በሽታ ጠንቅ በ2009 በ62 ዓመቱ አረፈ። ሚኪን የተረከበው ብሬት አይዋን የሚባል ሠዓሊ ነው፤ ከአልዋይን ሊማር ተመርጦ ሳለ፣ ሳይገናኙ አልዋይንን ሞት ቀደመው። ረሲ ደግሞ እስከ 2019፣ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ ሚኒ ሆና ቀጠለች። አስቢው እስቲ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው በባሏ ድምፅ "ሚኒ" እያለ ሲጠራት፣ እሷም በዚያች ቀጭን ሳቋ ስትመልስለት። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች፤ ድምፄን አፍኜ አለቀስኩ።

ያኔ ነው አባባ የታወሱኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችሁ በር ላይ ቆመው "እናንት ልጆች፣ አቦሉ አመለጣችሁ!" የሚሉት፣ "አቦሉን" እየጎተቱ። አንቺ ልክ እንደሳቸው አድርገሽ ትጠሪን ነበር፤ አንድ ቀን እናትሽ እሳቸው መስለዋት ከጓዳ "መጣሁ" ብላ ወጥታለች።

ልጄ የሚኪን ድምፅ ቀርጸሽ እንድትልኪላት ትለምንሻለች። እኔ ደግሞ፣ ሆድሽን የማያብስብሽ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ በአባባ ድምፅ ለቡና ጥሪኝ።

ናፍቆትሽ የጠናባት ጓደኛሽ