ስለ አባትህ ፒክአፕ፣ የዘገየ መልስ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሳልጽፍልህ ሁለት ዓመት ማለፉ ግን ሲከብደኝ ኖሯል። በመጨረሻው ደብዳቤህ ከአባትህ የወረስከውን ፒክአፕ ለማሳደስ አስበህ፣ ለቀለሙና ለጭስ ማውጫው ምን ያህል ገንዘብ መያዝ እንደሚገባህ ጠይቀኸኝ ነበር። የራሴን መኪና ገና ስላላሠራሁ የማላውቀውን ልነግርህ አልፈለግሁም። አሁን አሠርቼዋለሁ፤ ያንተም እስከ ዛሬ እንደቆመ ስለሰማሁ ይህን እጽፍልሃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንህ ከጭስ ማውጫው እንድትጀምር ነው። እኔ መልኩ አጓጉቶኝ የኋላውን ፓራፋንጎ (የጎማውን መከለያ ቆርቆሮ) አስቀብቼ ስጨርስ፣ ወር ሳይሞላው ማርሚታው፣ ማለትም በጭስ ማውጫው ላይ ድምፁን የሚያፍነው ሣጥን፣ ተቀዶ ብየዳ አስፈለገው፤ የብየዳው ፍንጣሪም አዲሱን ቀለም ነጠብጣብ እያደረገ ስላቃጠለው ለዚያው ጎን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ማርሚታ በአብዛኛው የሚበላው ከውስጥ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል፣ ቢቀዘቅዝ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ የሚሆን እንፋሎት ይወጣል፤ መኪናው አጭር አጭር መንገድ ብቻ እየሄደ ቱቦው በደንብ ሳይግል የሚጠፋ ከሆነ ያ ውሃ በማርሚታው ሆድ እየተጠራቀመ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ብታይ እንኳ ከማስበየድህ በፊት ዙሪያውን ቀስ አድርገህ አንኳኳው፤ ቆርቆሮው ሳስቶ ከሆነ ብየዳው የሚይዝበት አያገኝም፣ በርካሽ የተገላገልክ ሲመስልህም ከጥቂት ወራት በኋላ የሙሉ ማርሚታ ዋጋ ትከፍላለህ። የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ግን ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ዋጋው ከሌላው ቱቦ ጋር አይወዳደርም፤ ብልሽቱ ከእሱ በኋላ ባለው ክፍል ከሆነ የሚነካበት ምክንያት የለም። አውጥተን ባዶ ቱቦ እንተካልህ ቢሉህ እሺ አትበል፤ በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፣ የሚወጣው ጭስም ሰው የሚተነፍሰው ነው።

ሞተሩ በቅዝቃዜ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰምቶህ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጭሱን ከሞተሩ በሚሰበስበው ቱቦ፣ በማኒፎልዱ፣ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ጭስ ሳያፈስ አይቀርም። ዕቃው ትንሽ ነው፤ የሚያስከፍለው ዝገት የያዛቸው ቡሎኖች ሲፈቱ የሚሰበሩት ነው፣ አንድ ስብራት ለማውጣት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላልና። ቡሎን ቢሰበር ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር ተስማማ። ዋጋ ተወደደ ብለህ ግን ይህን አታቆየው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ልጆችህም በዚያ መኪና ይሳፈራሉ።

ቀለሙን በተመለከተ ጭረቱን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን ካልያዘው ብዙውን ጊዜ ከላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን አላለፈምና በመወልወል ሊጠፋ ይችላል፤ ከያዘው ቀለም ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ የምትከፍለው በዋናነት ለቀለሙ ሳይሆን ለመፋቂያው፣ ለስቱኮውና ለማለስለሱ ለሚጠፋው የሰው ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በጣም ያነሰ ዋጋ የጠራልህ ሰው ከእነዚህ የትኛውን ሊዘልል እንዳሰበ ጠይቀው። ቀለምህ ብልጭልጭ ያለው ከሆነ ልዩነቱ እንዳይታይ አዲሱ ቀለም አጠገቡ ወዳለው የመኪናው አካልም መዝለቅ ስላለበት ሒሳቡ ይጨምራል። በጎማው ቅስት ዙሪያ ያበጠ ቀለም ካየህ ግን ዝገቱ ከጀርባ የመጣ ነው፤ ከላይ መቀባቱ ገንዘብ ማባከን ነው፣ እስከ ንጹሕ ብረት ተፍቆ መሠራት አለበት።

የኋላ መዝጊያው ላይ ያለውን ጉድጓድ አስታውሰዋለሁ፤ ከአባትህ ጋር ድንጋይ ስንጭን ከእጃችን ያመለጠው ድንጋይ ያጎደጎደው ነው። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ብረቱ አይዝግምና እንዲሁ ብትተወው የሚጎዳህ ነገር የለም። እኔ ብሆን አልነካውም።

መኪናውን ከፍ አስደርገህ ከሥር ካየህ በኋላ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፤ በዚህ ጊዜ መልሴ አይዘገይም።

የማይረሳህ ወንድምህ